ብርሌና ቢረሌ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሁለት ሰማያዊ ድንጋዮችን በየተራ የላይኛው ከንፈሬ ላይ እንዳስነካ ነበር።

ቦታው ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ከኩዊን ሳብዌይ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ጌጣጌጥ ሠሪዎች የሞሉበት አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። የከበሩ ድንጋዮች የምንመረምርበት ክፍል ሁለት መስኮት፣ ሦስት ጠረጴዛና አራት ሠራተኞች ነበሩት። እኔ አገር ቤት አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሥራ መደቤ ተቀባይ ነው፤ ደንበኛ ያመጣውን ድንጋይ እመዝናለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ድንጋዩን በነጭ ወረቀት አጣጥፌ ለመርማሪዎቹ አስረክባለሁ። ከተቀባይ በላይ መርማሪ አለ። ከመርማሪ በላይ ፈራሚ አለ። ፈራሚው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሚስተር ሴልቫ።

ሚስተር ሴልቫ ከስሪላንካ የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በበጋም ሹራብ የማያወልቁ ቀጭን ሰው ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም በድንጋይ ሥራ የኖሩ ናቸው። ሁለቱን ድንጋዮች ከንፈሬ ላይ ካስነካሁ በኋላ ይቀዘቅዙ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ሦስተኛ ሰማያዊ ድንጋይ ሰጡኝ። እሱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለኝና ወዲያው ሞቀ።

«ይኼ ብርጭቆ ነው» አሉኝ። «ብርጭቆ ከማንም ጋር ቶሎ ይላመዳል። ድንጋይ ግን ኩሩ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ጎን አድርገው ሁለቱን ቀዝቃዛ ድንጋዮች ለዪልኝ አሉኝ። አንዱ አኳማሪን፣ አንዱ ቶፓዝ ነው። መጠናቸው እኩል ነው፣ አቆራረጣቸው አንድ ነው፣ ሰማያዊነታቸውም የጠዋት ሰማይ ዓይነት ነው። በመስኮቱ ብርሃን አየሁ፣ በመብራት አየሁ፣ በሉፕ፣ ማለትም በእጅ ማጉያ መነጽር፣ አየሁ። ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔን አስታወስኩና አፈርኩ። መለየት አልቻልኩም።

ሚስተር ሴልቫ መስታወት ያለው የጭስ ማውጫ ሳጥን ሥር ወሰዱኝ። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ከፈቱ። ውስጡ ከውሃ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚከብድ ብሮሞፎርም የሚባል ፈሳሽ ነበረ፤ ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን መርዝ ስለሆነ አይሸተትም። በወረንጦ አንዱን ድንጋይ ለቀቁት። እንደ ጠጠር ሰመጠ። ሁለተኛውን ለቀቁት። እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ።

ድንጋይ ሲንሳፈፍ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አሳይቻለሁ፤ ራሴ ዛሬም ስለቀው ትንፋሼን እይዛለሁ።

የሰመጠው ቶፓዝ ነው። ቶፓዝ በእኩል መጠን ካለ ውሃ ሦስት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። የተንሳፈፈው አኳማሪን ነው፤ እሱ የሚከብደው ሁለት ነጥብ ሰባት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ፈሳሹ በሁለቱ መካከል ስለሆነ አንዱን ያሰምጣል፣ አንዱን ይሸከማል። ዓይኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያልለየውን አንድ ጠርሙስ በአንድ አፍታ ለየው።

ወደ ቤቴ ስሄድ በሳብዌይ ውስጥ እጄን ስመለከት ነበር። ሁለቱን በመዳፌ ይዤ ነበር እኮ። የክብደታቸው ልዩነት ሲሶ ያህል ነው። መዳፌ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት ሪፍራክቶሜትር አሳዩኝ። የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሳጥን ናት። ከላይዋ ከባድ የብርጭቆ ገበታ አላት። በገበታው ላይ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ይደረጋል፣ የድንጋዩ ለስላሳ ገጽ በጠብታው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በማያ ቀዳዳው ሲታይ በቁጥር መስመር ላይ የጥላ ጠርዝ ይወጣል። ያ ቁጥር ብርሃን ከአየር ወደ ድንጋዩ ሲገባ ምን ያህል እንደሚዘገይ ይናገራል። ብርጭቆ አንድ ጠርዝ ብቻ አለው። አኳማሪንና ቶፓዝ ግን ብርሃኑን ለሁለት ስለሚከፍሉት ሁለት ጠርዝ ያሳያሉ። አኳማሪን አንድ ነጥብ አምስት ሰባት አካባቢ ነው፤ ቶፓዝ አንድ ነጥብ ስድስት አንድና ስድስት ሁለት አካባቢ።

ድንጋዩን በጣቴ ቀስ አድርጌ ሳዞረው አንደኛው ጠርዝ ቆሞ ሁለተኛው ተራመደ። አኳማሪን ነበር። ቶፓዙን ሳዞር ሁለቱም ተራመዱ። ምክንያቱን ሚስተር ሴልቫ በእርሳስ ሥለው አስረዱኝ። በአኳማሪን ውስጥ ብርሃን ሳይከፈል የሚያልፍበት አንድ መንገድ አለ። በቶፓዝ ውስጥ ሁለት አሉ። መንገዶቹን ማንም አልቆፈራቸውም፤ ድንጋዩ ሲፈጠር አብረው ተፈጥረዋል። እርሳሱን ተቀብዬ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ደብተሩ አሁንም አለኝ።

ስለ ቶፓዝ ሌላም ነገር ተማርኩ። ጥንካሬው ከአኳማሪን ይበልጣል፤ ይጭረዋል። ነገር ግን በአንድ አቅጣጫ ደካማ ነው። ሚስተር ሴልቫ ከመሳቢያቸው ለሁለት የተከፈለ ቶፓዝ አውጥተው አሳዩኝ። የተሰነጠቀበት ገጽ ማንም ሳያሸው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። አንድ ወርቅ ሠሪ ቀለበት ላይ ሲያስቀምጠው በመዶሻ አንዴ ነካ አድርጎት ነው አሉ። «ጠንካራ ማለት የማይሰበር ማለት አይደለም» አሉኝ። «ይህን ከሚስቴም ተምሬያለሁ።»

በሦስተኛው ዓመት መርማሪ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በብሉር ጎዳና አንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ የድንጋይ መለየት ትምህርት መስጠት ጀመርኩ። ተማሪዎቼ በጌጣጌጥ ሱቆች የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ነበሩ። ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበር፤ በግራ አኳማሪን፣ በቀኝ ቶፓዝ። ክብደት፣ ጥንካሬ፣ መሰንጠቅ፣ የጥላ ጠርዝ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ውስጡ። በልቤ ይዤው ስለነበር እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አስተምር ነበር። የምጽፍላችሁ ስህተት የተፈጸመው በዚያ ክረምት፣ በራሴ በጣም በረካሁበት ጊዜ ነው።

አንድ ማክሰኞ ተቀባያችን ታመመችና እኔ በቦታዋ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። እማማ አየለች ይባላሉ። ከቶርንክሊፍ ፓርክ በአውቶቡስና በሳብዌይ ነው የመጡት። ልጃቸው ሂሩት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዩኒፎርሟን ከካፖርቷ ሥር ለብሳለች፣ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ እማማ አየለች ፊታቸው ፈካ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሪ እንደሆንኩም ነገርኳቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ድንጋይ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩት። የቴምር ፍሬ ሁለት እጥፍ ያህላል። ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ትንሽ አረንጓዴ ይነካዋል። ዙሪያው ተሸርፏል። አንዱ ገጹ ብቻ ጠፍጣፋና የታሸ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው አቶ በቀለ በሕይወት የሉም። ወጣት ሳሉ በደቡብ በኩል ለማዕድን ፈላጊዎች መኪና ይነዱ ነበር። ሲተጫጩ ቀለበት መግዛት ስላልቻሉ ይህን ድንጋይ አመጡላቸው፤ አንዱን ገጽ ያሸላቸው ወርቅ ሠሪ ወዳጃቸው ነው። አሁን እማማ አየለች ለሁለት አስቆርጠው ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ቆራጩ ደግሞ መጀመሪያ ምንነቱን አስመርምሩ ብሏቸዋል።

ቅጹን አወጣሁ። ሦስተኛው መስመር «የድንጋዩ ባለቤት እንደሚለው» ይላል። ባለቤትዎ ምን ነው ያሉዎት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ብረሌ ነው ብሎኛል።»

እኔ የሰማሁት ብርሌ ነው። የጠጅ ብርሌ። በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ድንጋዩን ማየት አቁሞ የተሰበረ ብርሌ መቀመጫ አየ፤ ያንን ወፍራም፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበትን ጠርሙስ። ቀለሙ ልክ ነው። መሸራረፉ ልክ ነው። አንድ ገጹ ጠፍጣፋ መሆኑም ልክ መሰለኝ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ይህን ስህተት ሊሠራው አይችልም ነበር። በመስመሩ ላይ «ብርጭቆ» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ማስረዳት እወዳለሁ።

«እማማ፣ ብርሌ ማለት እኮ ያው ብርጭቆ ነው» አልኳቸው። «ለምርመራ ባይከፍሉ ይሻላል።»

ሂሩት ተነፈሰች። «ማሚ፣ ነግሬሽ አልነበር? ፌክ ነው ብዬሽ። ሺፍት አለኝ፣ እንሂድ በቃ።»

እማማ አየለች አልተቆጡም። ድንጋዩን መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት።

«በቀለ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር» አሉ። «እንግዲያው አይቆረጥም። ውሸት ለልጆቼ አላወርስም።»

ወጡ። ቅጹን በተዘጉ ቅጾች ሳጥን ውስጥ ልከት ስል ሚስተር ሴልቫ ከኋላዬ ቆመው ያነቡት ነበር። ቁጥሩ የት አለ ብለው ጠየቁኝ። ቁጥር አልወሰድኩም አልኳቸው። ታዲያ ብርጭቆ የሚለውን ማን ነገረሽ አሉ። የድንጋዩ ባለቤት አልኩ፤ በቋንቋችን ቃሉ ብርጭቆ ማለት እንደሆነም አብራራሁ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ባለቤቱ ስም ያመጣል» አሉ። «አንቺ ቁጥር ታወጪያለሽ። ዛሬ ሁለታችሁም ስም ይዛችሁ ቀረባችሁ።»

ቀጥለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ይቀዘቅዝ ነበር ወይ። ያኔ ነው መዳፌ የነገረኝ። ድንጋዩ ከሞቀ የነጠላ ቋጠሮ ወጥቶም መዳፌ ላይ እንደ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ መዳፌ ያውቅ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኩትም።

ሊፍቱ በዚያ ሳምንት ተበላሽቶ ነበር፤ ያ ነው ያተረፈኝ። በደረጃው ሮጬ ስወርድ እማማ አየለች ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አርፈው አገኘኋቸው። ከፊታቸው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ አቶ በቀለ ያሉትን ቃል፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት፣ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።

«ቢረሌ» አሉ፣ አሁን ቀስ አድርገው። «እንደ ቶጳዝዮን፣ እንደ ሰንፔር። በካህኑ የደረት ልብስ ላይ ያለው። በቀለ ልጅ ሆኖ ዲያቆን ነበር እኮ። ፈረንጆቹ እየተቀባበሉ ‹በረል፣ በረል› ሲሉ ሰማና፣ ‹ቢረሌ ማለታቸው ነው› ብሎ ደስ አለው። እኔ ጥርሴ ስለረገፈ ነው ያላጠራሁልሽ። አንቺ ግን አስተማሪ ነኝ አላልሽም?»

ሂሩት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አንድ ነገር ላስረዳ። ቤሪል የማዕድኑ ስም ነው። አረንጓዴው ቤሪል መረግድ ነው። ሰማያዊው ቤሪል አኳማሪን ነው። እኔ በየቅዳሜው በግራ ዓምድ የማስተምረው ድንጋይ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ልጅ ሆኜም በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼዋለሁ። ግን አንድም ቀን ከአኳማሪን ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ሦስታችንም ወደ ላይ ተመለስን። ሂሩት «ሌይት እሆናለሁ ብዬ ኮል ላድርግ» ብላ የቢሮውን ስልክ ተዋሰች። ሚስተር ሴልቫ ለእማማ አየለች ከጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ሳቡላቸውና ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። አሁን ደግሞ ከብርጭቆ ወደ ቤሪል እንዳትዘዪ አሉኝ። በዚያ ጊዜ ገበያው በጨረር ሰማያዊ በተደረገ ቶፓዝ ተሞልቶ ነበር፤ የአሮጌ አደራ ነው ተብሎ የሚመጣው ሁሉ እየተመረመረ ቶፓዝ ሲሆን አይተናል። ቶፓዝ ከሆነ የአቶ በቀለ ታሪክ ይወድቃል። ቢረሌ ያሉት ራሳቸው ናቸውና።

አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ሦስተኛውን መስመር ክፍት ተውኩት።

መጀመሪያ ፖላሪስኮፕ ላይ አደረግኩት። ይህ መሣሪያ በሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ድንጋዩን ያዞራል። ብርጭቆ ቢሆን እንደ ጨለመ ይቀራል። ይህ ግን ሳዞረው በራ፣ ጨለመ፣ በራ፣ ጨለመ። በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ በራ። ብርጭቆነቱ እዚያ ላይ አበቃ። 

ቀጥሎ ሪፍራክቶሜትር። ያቺ በወርቅ ሠሪው የታሸች አንዲት ገጽ ባትኖር ኖሮ ማንበብ አልችልም ነበር። ጠብታዋን አደረግኩ፣ ገጹን አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን ወደ ቀዳዳው አቀረብኩ። ሁለት ጠርዝ። አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ሁለት። አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ስምንት። ሳዞረው አንዱ ቆመ፣ አንዱ ተራመደ። ቁጥሮቹን ጻፍኩ። ሚስተር ሴልቫ ቦታዬን ያዙ፣ አነበቡ፣ በጣታቸው ወደ ጠርሙሱ አመለከቱ።

በጭስ ማውጫው ሳጥን ሥር መጀመሪያ የታወቀ ቶፓዝ ለቀቅኩ። ሰመጠ። ቀጥዬ የእማማ አየለችን ድንጋይ ለቀቅኩ። ፈሳሹ ውስጥ ትንሽ ጠለቀና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ። እማማ አየለች ከመስታወቱ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር። እጃቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ።

በመጨረሻ ማይክሮስኮፕ። አኳማሪን በውስጡ ብዙ ጊዜ ከፀጉር የቀጠኑ፣ እርስ በርሳቸው ትይዩ የሆኑ ባዶ ቱቦዎች አሉት። እኛ በሥራችን ዝናብ እንላቸዋለን፤ ለእሳቸው ግን ይህን አልነገርኳቸውም። ወንበሬን ለቀቅኩላቸውና ማያውን ለዓይናቸው አስተካከልኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ዝናብ ነው» አሉ። «ሰማዩ ከነዝናቡ እኮ ነው ያለው።»

ሂሩት አየች። ለሚስተር ሴልቫ የተባለውን ተረጎምኩላቸውና እሳቸውም አዩ፤ እኚያ ሰው በሕይወታቸው ስንት ሺህ አኳማሪን እንዳዩ እንጃ። ከዚያ እኔ አየሁ። በልቤ የያዝኩት ሰንጠረዥ ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ዓይኔን ከማያው አላነሳሁም። ያ ዝናብ ሰው ከመኖሩ በፊት ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ በአንድ ሹፌር ኪስ ተጉዟል፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ውቅያኖስ ተሻግሯል፣ እኔ ደግሞ በአንድ ቃል ልመልሰው ነበር።

ሚስተር ሴልቫ በምስክር ወረቀቱ ላይ የተፈጥሮ ቤሪል፣ አኳማሪን ብለው ፈረሙ። የመጀመሪያውን ቅጽ ልቀድደው ስል ከለከሉኝ። ብርጭቆ የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ስሜን ከጎኑ ጽፌ፣ ከአዲሱ ጋር እንዳያይዘው አዘዙኝ። የተሰረዘ ስህተት ይነበባል፣ የተቀደደ ስህተት ይደገማል አሉ።

ቆራጩ ወረቀቱን ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፤ ቶፓዝ አለመሆኑን። ቶፓዝ ቢሆን የመሰንጠቂያ አቅጣጫውን ፈልጎ፣ ከእሱ ሸሽቶ መቁረጥ ነበረበት። ቤሪል እንዲህ ያለ ደካማ አቅጣጫ የለውም። በመጋዝ፣ በውሃ እያቀዘቀዘ፣ በዝናቡ አቅጣጫ ለሁለት ከፈለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማማ አየለች ከሁለቱም ልጆቻቸው ጋር መጡ። ሁለተኛዋ ሰብለ የክሬሰንት ታውን ነዋሪ ናት። የማን ትልቅ ነው፣ የማን ሰማያዊ ነው የሚል ጨዋታ በደረጃው ላይ ጀምረው ነበር የገቡት። እማማ አየለች ሁለቱንም ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው በዚያች ድንጋይ በምታናግሪባት ሳጥን እዪልኝ አሉ። አንዱን አነበብኩ። አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ሁለት፣ አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ስምንት። ሁለተኛውን አነበብኩ። ያው ነው።

«ልዩነት አላቸው?»

«ምንም የላቸውም፣ እማማ።»

«እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉ ለልጆቻቸው። «እኔ ሳልሆን ድንጋዩ ነው የተናገረው።»

አሁን ማታ ማታ በኮሌጅ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜውንም አልተውኩትም። ብርሌና ቢረሌ ከአንድ ሥር የመጡ ቃላት ሳይሆኑ አይቀርም ብለው ቋንቋ የሚያውቁ አንድ ሰው ነግረውኛል። ሙያዬ ስላልሆነ አላረጋግጥም። የሙያዬን ግን እናገራለሁ። የተሰረዘውን ቅጽ ግልባጭ ለየክፍሉ በመጀመሪያው ቀን አሳያለሁ፤ ከአዲሱ ቅጽ ሦስተኛ መስመር ላይ ደግሞ ከሁሉ በኋላ በፊደላችን የጻፍኩት ቢረሌ የሚል ቃል አለ።

የባለቤቱን ቃል እንዳለው ጻፉ። ስም ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ። ድንጋዩን በእጃችሁ ስትይዙ መቀዝቀዙን ልብ በሉ።